የበረንዳ ቲማቲም፦ ከሥር ውሃ የሚይዝ ባልዲ ይሻላል ወይስ የለመድነው ጆንያ? (ጅማ ላላችሁ)

የቆጪ በረንዳ

ሰላም ሰላም የጓሮ ሰዎች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ ብዬ ነው። ጅማ ቆጪ ነው የምኖረው፣ ግቢው የአከራይ ስለሆነ መሬት መቆፈር አይታሰብም፣ ያለኝ በረንዳ ነው ግን ጥሩ በረንዳ ነው፣ ከጠዋት ሶስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ አስር ሰዓት ድረስ ፀሐይ ያገኛል። አምና በጋ ቲማቲም በጆንያና በሃያ ሊትር የቀለም ባልዲ ተክዬ ነበር፣ ባልዲውን ሥሩን በስቼ ጠጠር አድርጌበት ከላይ አፈር ሞልቼ፣ ያው ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው። እድገቱ ቆንጆ ነበር አበባም በደንብ ያዘ፣ ከዛ ፍሬው ማደግ ሲጀምር ቂጡ እየጠቆረ መጣ። ሁሉም አይደለም ግን ብዙው። ሌላው ቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ጥውልግ ይላል፣ ማታ ደግሞ ይነሳል። አንዷ ተክል ግን በዛው ቀረች፣ ቅጠሏ አረንጓዴ እንደሆነ ጠወለገች፣ ውሃ ብሰጣትም አልተነሳችም።

ውሃ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፣ ሲመጣ በርሜል ሞልተን በሱ ነው ምንኖረው። ስራዬ ደግሞ ሰቃና ማና ያስኬደኛል፣ አንዳንዴ ሁለት ሶስት ቀን አድሬ ነው ምመለሰው፣ ቤት የሚያጠጣልኝ ሰው የለም። አሁን ቪዲዮ ላይ ከሥሩ ውሃ የሚያጠራቅም ባልዲ አየሁ፣ ሰውየው በቱቦ ውሃ ይሞላዋል ከዛ በቃ ተክሉ ከታች እየሳበ ይጠጣል ይላል። እውነት ይሰራል? የኛ ጅማ ዝናብ ላይስ እንዴት ነው? አፈሩስ ማንኛውም አፈር ይሆናል? እዚህ እንደ ልብ የሚገኘው የቡና ገለፈት ነው እሱን መጠቀም ይቻላል? የሞከራችሁ ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ፣ ለዘንድሮ በጋ ከአሁኑ መዘጋጀት ፈልጌ ነው።

እታለም ጅሬን

አይዞህ ወንድሜ የነገርከን ችግር አብዛኛው የውሃ መቆራረጥ ነው፣ የሞተችው ግን ሌላ ነገር ትመስለኛለች እሷን የሚያውቅ ይመልስልህ። እኔ ከሥር ውሃ የሚይዘውን ራሴ በባልዲ ሰርቼ በጋውን ሁሉ ቲማቲም የምለቅመው ከሱ ነው፣ ወደ ጆንያ አልመለስም።

አሰራሩ እንደዚ ነው። ሁለት የቀለም ባልዲ ትፈልጋለህ፣ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ። ስታስገባው በሁለቱ ቂጥ መሃል ክፍተት ይቀራል፣ ውሃው ሚቀመጠው እዛ ነው፣ ክፍተቱ ካነሰ አንድ ሁለት ጣሳ ወይ የጡብ ስባሪ መሃል ላይ አድርግበት ከፍ ይላል። የውስጠኛውን ባልዲ ቂጥ በጋለ ምስማር ብዙ ቦታ ትበሳዋለህ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የእርጎ ኩባያ የሚያሳልፍ ትልቅ ቀዳዳ ታወጣለህ። ኩባያውን ጎኑን በሳስተህ አፈር ትሞላዋለህ፣ ውሃው ውስጥ የሚቆመው እሱ ብቻ ነው፣ ኩራዝ ላይ ክሩ ጋዙን ወደላይ እንደሚስበው ያ አፈር ውሃውን እየሳበ ለላይኛው ያቀብላል። በጎን በኩል ቱቦ እስከታች ይወርዳል፣ የመብራት ሽቦ የሚገባበት ፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል፣ ጫፉን አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቁረጠው አለበለዚያ ቂጡ ላይ ይለጠፍና ውሃ አላሳልፍ ይላል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ ቪዲዮ ላይ እየሮጡ የሚያልፉትን። የውጪው ባልዲ ጎን ላይ፣ ከውስጠኛው ቂጥ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቀዳዳ የግድ መኖር አለበት። ውሃ ስትሞላ ሞልቶ በዛ ሲፈስ ታቆማለህ። ያቺ ቀዳዳ ከሌለች ውሃው እስከ አፈሩ ይወጣና ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ያኔ ተክሉ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይጠወልግብሃል፣ አንተ ውሃ ያነሰው መስሎህ ትጨምራለህ። በውሃውና በአፈሩ መሃል ትንሽ አየር መቅረት አለበት።

ስትተክል ደግሞ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ከላይ አጠጣው ምክንያቱም የችግኙ ሥር ገና ታች አልደረሰም። ከዛ በኋላ በቱቦው ብቻ። ከላይ አፈሩን በላስቲክ ወይ በደረቅ ሳር ሸፍነው። አንድ ባልዲ አንድ ተክል፣ ሁለት እንዳታደርግ።

እውነቱን ለመናገር ግን ቪዲዮ ላይ እንደሚሉት ሳምንት ሙሉ ትተኸው አትሄድም። የባልዲ ክፍተት የሚይዘው አራት አምስት ሊትር ነው፣ ጥር ላይ ፍሬ የያዘ ትልቅ ተክል ደግሞ በቀን ሁለት ሊትር እና ከዛም በላይ ይጠጣል። ስለዚ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ አፈሩ ከያዘው ጋር ሶስት ቀን። ላንተ ግን ያ በቂ ነው መሰለኝ።

ጋሽ ጓሮ (ሂርማታ)

ልጆች ሰላም ናችሁ። እታለም በደንብ አስረዳሽ እግዜር ይስጥሽ፣ እኔ ግን በዚህ ነገር አልስማማም። ያ እቃ የተሰራው ዝናብ ለማያውቀው ወይ አፈሩ አሸዋ ለሆነ አገር ነው። እኛ ጅማ ነን እኮ፣ ዓመቱን ስንደምረው ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልበት ቦታ ላይ፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ጥቅምት ድረስ ሰማዩ አይዘጋም። እኛ ጋ የቲማቲም ችግር ውሃ ማጣት የሚሆነው ለአራት ወር ነው፣ ሌላውን ጊዜ ችግሩ ውሃው የት ይሂድ የሚለው ነው። ታዲያ ለአራት ወር ብሎ ሁለት ባልዲ ለአንድ ተክል ማዋል እኔን አያሳምነኝም፣ ባልዲ ዘንድሮ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ጆንያ ሃምሳ ኪሎ የሚይዘውን ግማሹን አጥፈህ ወደታች ገልብጠህ በደንብ ብትሞላው ከባልዲው እጥፍ አፈር ይይዛል። አፈር ራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ልጄ፣ ኮምፖስት የበዛበት አፈር ከሆነ ብዙ ውሃ ይይዛል። አንተ ያጋጠመህ ነገር ባልዲው አንሶህ ነው። ጆንያ በጎኑም ይተነፍሳል፣ ሥሩ ጫፍ ሲደርስ ይቆምና አዲስ ሥር ያወጣል እንጂ እንደ ባልዲው ዙሪያውን አይጠመጠምም። ዝናብ ሲበዛም በየት በኩል ሊወጣ ብለህ አትጨነቅም። ከላይ የደረቀ ሳር ወይ የኮባ ቅጠል ጉዝጓዝ አድርግበት፣ ጠዋት ቀስ ብለህ አንዴ፣ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ደግመህ አጠጣ። አንዴ ገልብጠህ ብትሄድ በጎን ነው የሚፈሰው፣ ደርቆ የነበረ አፈር ውሃ አይቀበልማ።

ጆንያውን ፀሐይ ስለሚበላው በየዓመቱ ይለወጣል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ጆንያ የትም አለ።

የቆጪ በረንዳ

እታለም እናመሰግናለን በጣም፣ ጋሼ ያሉትም ገብቶኛል። ግን ጋሼ እኔ ሶስት ቀን ስሄድ ጆንያው ይቆይልኛል? ችግሬ እሱ ነው። ደግሞ በረንዳዬ ግማሹ ቆርቆሮ አለው ግማሹ ክፍት ነው። የአፈሩን ነገር ማንም አልነገረኝም፣ እኔ ያለኝ ያው የኛ ቀዩ አፈር ነው፣ አምና ባልዲው ውስጥ ደርቆ እንደ ጡብ ሆኖ ነበር።

አፈር ነገር

የአፈሩን ነገር እኔ ልመልስ፣ ግብርና ነው የተማርኩት እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ አሁንም ስራዬ ከዛው ጋር ነው። ሁላችሁም ስለ እቃው ነው ምታወሩት፣ ለኔ ግን ከእቃው በፊት የሚመጣው ውስጡ የሚገባው ነገር ነው፣ ባልዲው ጥሩ ሆኖ አፈሩ መጥፎ ከሆነ ሁለቱም አይሰሩም።

የኛ ቀይ አፈር መሬት ላይ እያለ ግሩም አፈር ነው፣ ጥልቅ ነው ትል አለው ሥር አለው። ባልዲ ውስጥ ብቻውን ሲገባ ግን ሸክላው ይጠጋጋና አየር ያጣል። ከሥር ውሃ በሚይዘው ባልዲ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል፣ ምክንያቱም ደቃቅ አፈር ውሃን ወደላይ አብዝቶ ይስባል፣ ሁሌ እንደረጠበ ይቀመጣል። በተቃራኒው ደግሞ አሸዋና ጠጠር ብቻ ብታደርግ ውሃው ወደላይ መውጣት ያቅተዋል። ስለዚ መካከለኛ ድብልቅ ነው ሚፈለገው። ውጪ አገር ፒት ሞስ (የረግረግ ብስባሽ) እና ኮኮ ፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ነው ሚጠቀሙት፣ እኛ ጋ ያንን መፈለግ አያስፈልግም። እኔ ምጠቀመው ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ የቡና ገለፈት ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም የተከሰከሰ ከሰል፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር ነው። ለጆንያ ከሆነ አፈሩን ወደ ሁለት እጅ ከፍ ማድረግ ይቻላል። በእጅህ ጨብጠህ ስትለቀው ትንሽ ተያይዞ በጣት ስትነካው የሚፈርስ ከሆነ ጨርሰሃል።

ገለፈቱን ግን አደራ፣ ትኩሱን እንዳታደርግ። ትኩስ ገለፈት ካፌይንና ታኒን አለው የችግኝ ሥር ያቀጭጫል፣ ሲበሰብስም ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንብሃል። ከከብት ፍግና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ደራርበህ፣ እርጥብ እያደረግክ እየገለበጥክ፣ ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ እስኪሸት መጠበቅ ነው፣ ጥቂት ወራት ይፈልጋል። አሁን ብትጀምር ለጥቅምት ይደርሳል። ከበሰበሰ በኋላ ግን ፖታሽየሙ ብዙ ነው፣ ፍሬ ለሚሰጥ ተክል ደግሞ እሱ ነው የሚፈለገው። ጅማ ላይ ሆነን ይሄን ነገር እያቃጠልንና ወንዝ ዳር እየደፋን መኖራችን ሁሌ ያንገበግበኛል።

ጠጠሩን ተወው። ከሥር ጠጠር ማድረግ ውሃ ያወርዳል የሚባለው ትክክል አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ አፈሩ ጠግቦ እስኪንጠባጠብ ድረስ ጠጠሩ አናት ላይ ይቆማል። የባልዲህ ቂጥ ላይ የነበረው ረግረግ በጠጠሩ ምክንያት ወደላይ ከፍ አለ ማለት ነው፣ ለሥሩ የቀረው ቦታም አነሰ። ቀዳዳው በአፈር እንዳይደፈን ከፈለግክ የጨርቅ ቁራጭ ወይ የአጎበር ቁራጭ ይበቃል።

የፍሬው ቂጥ መጥቆር በሽታ አይደለም፣ ካልሲየም ፍሬው ጋ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው፣ ውሃው ሲቆራረጥ እሱም ይቆራረጣል፣ ቅጠሉ ቀድሞ ይወስዳል ፍሬው ጫፍ ላይ ያለው ይቀርበታል። ስለዚ እታለም ውሃ ነው ያልሽው ልክ ነሽ፣ እዚህ ላይ ከሥር ውሃ የሚይዘው በግልጽ ይበልጣል ምክንያቱም እርጥበቱ ከቀን ቀን አይዋዥቅም። ከዛ በተጨማሪ የኛ አፈር አሲዳማ ነው፣ ቲማቲም ከ6 እስከ 6.8 ባለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ላይ ነው ሚመቸው፣ ስለዚ ድብልቁ ውስጥ ለአንድ ባልዲ አንድ እፍኝ የእርሻ ኖራ ጨምርበት። የእንቁላል ቅርፊት የምትሉ አላችሁ፣ እሱ ለመፍረስ ጊዜ ይፈጃል ለዘንድሮ አይደርስም። ዩሪያ ደግሞ አታብዛ፣ ቅጠሉ ይንዠረገጋል ፍሬው ይቀራል፣ የቂጡንም መጥቆር ያባብሰዋል።

አንድ ልዩነት ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በጆንያ ከላይ ስታጠጣ ማዳበሪያው እየታጠበ በሥር ይወጣል፣ ስለዚ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጨመር አለብህ። ከሥር በሚጠጣው ግን ምንም አይወጣም፣ ውሃው ወደላይ ሲሄድ ጨዉን ይዞ ይሄድና አፈሩ አናት ላይ ነጭ ነገር ሆኖ ይቀመጣል። እዛ ላይ ማዳበሪያ እንደ ጆንያው እየደጋገምክ ብትጨምር ሥሩን ታቃጥለዋለህ። ፍሬውን ለቅመህ ስትጨርስ ከላይ ብዙ ውሃ አፍስሰህ በትርፍ ቀዳዳው እንዲወጣ አድርገህ እጠበው። የክረምቱ ዝናብም ይሄን ስራ በነጻ ይሰራልሃል።

የሞተችውን ተክል በተመለከተ፣ ቀን ጠውልጋ ማታ የምትነሳ ከሆነ የውሃ ነገር ነው። አረንጓዴ እንደሆነች ጠውልጋ ካልተነሳች ግን አጠውላጊ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ለወደፊቱ እንዲህ ሲያጋጥምህ ግንዱን ከሥሩ ጠጋ ብለህ ቆርጠህ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጭ ወተት የመሰለ ነገር እንደ ክር እየወረደ ካየህ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም። ያንን አፈር ለቲማቲም፣ ለድንች፣ ለቃሪያ፣ ለበርበሬ ደግመህ እንዳትጠቀምበት፣ ባልዲውንም በበረኪና እጠበው። አፈር ስታመጣም ድንች ወይ ቲማቲም ጠውልጎ ከሞተበት ማሳ አታምጣ። ባልዲና ጆንያ ከመሬት የሚሻሉበት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ አፈሩን አንተ ትመርጣለህ።

ጤና ኬላ

ስለ ቲማቲሙ ከናንተ ነው ምማረው፣ ግን ስለ ውሃው አንድ ነገር ልበል፣ ስራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ውሃ እያስቀመጣችሁ ነው። ወባ እኛ አካባቢ ቀልድ አይደለም። ድሮ የምናውቃት የወባ ትንኝ ሜዳ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነበር ምትፈልገው፣ አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል እቃ ውስጥ ባለ ውሃ፣ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባ አለች፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው፣ ከዛ በኋላም ሌሎች ከተሞች ላይ ታይታለች። ስለዚ የቱቦውን አፍ በክዳን ግጠሙት፣ የትርፍ ውሃ መውጫዋንም በአጎበር ቁራጭ ከውስጥ ሸፍኗት፣ ሁለቱ ባልዲዎች በሚገናኙበት ዙሪያም ክፍተት ካለ በፕላስተር ወይ በጨርቅ ድፈኑት። በርሜሉንም ጭምር፣ በርሜሉን ሁሌ ነው የምትረሱት። ተክሉ ከተነቀለ በኋላ ባልዲው ውሃ እንደያዘ ጥግ ላይ አይቀመጥ።

እታለም ጅሬን

ጤና ኬላ ትክክል ነሽ እህቴ፣ እኔ ቱቦው ላይ የሃይላንድ ክዳን ነው ምገጥመው፣ የአጎበሩን ነገር ግን አሁን እጨምርበታለሁ።

ጋሽ ጓሮ ዝናቡን ያነሱት ልክ ነው፣ እኔም ክረምት ላይ ቲማቲም አልተክልም፣ በባልዲም ሆነ በጆንያ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቲማቲምን የሚጨርሰው ሥሩ ላይ ያለው ውሃ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ ያለው ነው፣ ቅዝቃዜና እርጥብ ቅጠል ሲገናኙ ያ ብላይት የሚሉት የቅጠል በሽታ ይመጣና በጥቂት ቀን ውስጥ ግንዱ ሳይቀር ይጠቁራል። እሱን ጆንያ አያድነውም ጋሼ። እኔ ክረምት ባልዲዎቹን ጎመንና ቆስጣ አደርግባቸዋለሁ፣ ያቺ የጎን ቀዳዳ ስላለች ዝናቡ በሷ ይወጣል ምንም አይሆኑም።

ዋጋውን ላሉት ደግሞ፣ ሁለት ባልዲ የግድ አይደለም። አንድ ባልዲ ወስደህ ሥሩን ሳትበሳ፣ ክዳናቸው የተከፈተ የተበሳሱ የሃይላንድ ጠርሙሶች ታች ላይ አስተኝተህ፣ ከነሱ ከፍታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጎኑ ላይ ትርፍ መውጫ ትበሳለህ፣ አንዱ ጠርሙስ ላይ ቱቦ ታስገባለህ፣ በጠርሙሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት በአፈሩ ትሞላለህ፣ ውሃውን የሚስበው እሱ ነው። የሚይዘው ውሃ ከሁለት ባልዲው ያንሳል፣ ግን ይሰራል። የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንም ይሆናል፣ ቢጫው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፣ በጆንያ ጠቅልለው።

ጋሽ ጓሮ (ሂርማታ)

እታለም የክረምቱን ነገር በቅንነት መልሰሻል፣ ክረምት ላይ ቲማቲም አለመትከሉን እቀበላለሁ። በየመንገዱ የምናየው ቲማቲም ራሱ ከመቂና ከዝዋይ ነው የሚመጣው፣ እነሱ ዝናብ ሳይሆን በመስኖ ነው ሚያመርቱት፣ ለምን እንደሆነ ቅጠሉን ያየ ያውቀዋል። ለሶስት ቀን መንገድ ለሚሄድ ሰው ጆንያ ይበቃል ብዬ አልዋሽም፣ ትልቅ ጆንያ ጥላ ውስጥ ቢሆን ሁለት ቀን ይቆያል፣ ጥር ፀሐይ ላይ ግን ሶስተኛው ቀን ያደክመዋል። ለሁሌ ቤት ለሚውል ሰው ግን አሁንም ጆንያ ነው የምለው፣ ሥሩ እንደልቡ ነው፣ ከአንድ ጆንያ የሚገኘው ፍሬም ከአንድ ባልዲ አያንስም ይበልጣል እንጂ።

ሸክላ ወዳድ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ ግን ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነገር አለ ማንም አላነሳውም። ሸክላ! ትንሽ እንስራ ወይ ጠባብ አፍ ያላት ማሰሮ ገዝታችሁ ትልቁ ጆንያ መሃል ላይ እስከ አንገቷ ቅበሯት፣ ውሃ ሙሏትና አፏን ክደኑት። ሸክላው ውሃውን በገላው እያላበ ለአፈሩ ይሰጣል፣ አፈሩ ሲደርቅ ብዙ ይስባል ሲረጥብ ይቀንሳል፣ ማንም ሳይቆጣጠረው። ሥሩ ሄዶ ገላዋ ላይ ነው የሚጠመጠመው። የጋሼን ጆንያም አልተውንም፣ ዝናብ ቢዘንብም ከሥር የሚጠራቀም ነገር የለም፣ ጨውም ወደላይ ብቻ አይሄድም።

ስትገዙ ግን ያልተሟሸ መሆን አለበት። የተሟሸ ማሰሮ፣ በዘይት ወይ በጎመን ዘር ተቀብቶ የተጠበሰ፣ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ምንም አያልብም። ከሻጮቹ ገና ከእሳት የወጣውን ጠይቁ፣ ውሃ ሞልታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ውጪውን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ከረጠበ ያ ነው። ቂጡ ቢነቃ ግን አይሆንም ውሃው አንዴ ይሄዳል። በጊዜ ብዛት ጨው ገላዋን ይደፍነዋል፣ ያኔ አውጥቶ በብሩሽ ፈትጎ ማድረቅ ነው።

አፈር ነገር

ሸክላ ወዳድ ይሄ ድንቅ ነው፣ ላረጋግጥላችሁ የምችለው በሸክላ ማጠጣት በጣም የቆየ ዘዴ ነው፣ ደረቅ አገሮች ላይ ውሃ የሚቆጥብ ሆኖ ብዙ ተመስክሮለታል። ከሥር ውሃ የሚይዘው ሳጥን ደግሞ ለገበያ የቀረበበት ታሪክ ቢገርማችሁ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ብሌክ ዊስናንት ከሚባል የቲማቲም ገበሬ ጋር የተያያዘ ነው፣ ጎርፍ ማሳውን ካጠፋበት በኋላ ነው የሰራው። ስለዚ ጋሽ ጓሮ ዝናብ ለማያውቅ አገር ነው ያሉት ላይ ልለይዎት፣ ዝናብ ካስመረረው ሰው ነው የመጣው። አናቱ በላስቲክ የተሸፈነበት ምክንያትም አንዱ እሱ ነው፣ ዝናብ ማዳበሪያውን እንዳያጥብ። እኛም ጋ ዝናብ ሲያንዣብብ አናቱን በላስቲክ ሸፍነን ግንዱ የሚወጣበት ብቻ ብንቀደው ያው ነው።

የቆጪ በረንዳ

ኧረ ብዙ ተማርኩ አላህ ይስጣችሁ። ወሰንኩ፣ ቆርቆሮ ያለበት በኩል አራት ከሥር ውሃ የሚይዝ ባልዲ እሰራለሁ እነሱ ስሄድም ይቆዩኛል፣ ክፍት የሆነው በኩል ደግሞ አንድ ሁለት ትልቅ ጆንያ ሸክላ ቀብሬበት። ገለፈቱን ዛሬውኑ መሰብሰብ እጀምራለሁ፣ የሚፈለፍልበት ቦታ አውቃለሁ በነጻ ነው ሚሰጡት። የቀሩኝ ሁለት ጥያቄ ናቸው፣ የትኛው ዘር ለባልዲ ይሻላል፣ መቼ ልዝራ? ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ አበባው እየረገፈ ነበር አምና፣ እሱስ ከውሃው ነው?

እታለም ጅሬን

አበባው ከውሃውም ሊሆን ይችላል ግን ብርዱ ነው በዋናነት። ቲማቲም ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። ባልዲዎቹን ግድግዳው ጋ አስጠጋቸው፣ ቀን ፀሐይ የበላ የብሎኬት ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳል። ጠዋት ረፈድ ሲል አበባ የያዘውን ግንድ ቀስ አድርገህ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርገው፣ በረንዳ ላይ ንፋስ ስለሚያንስ ብናኙ በደንብ አይወርድም። በባልዲ ተለቅ ሲል ስለሚወድቅ ድጋፍ እንጨቱን ችግኙን ስትተክል አብረህ ትከል፣ በኋላ ብትሰካው ሥሩን ትወጋለህ ኩባያውንም ልትሰብረው ትችላለህ።

ዘር ላይ አጠር ብሎ የሚቆመውን ዓይነት ውሰድ፣ ሮማ ቪኤፍ የትም የዘር ሱቅ አለ፣ ቪኤፍ የሚለው ፊደል ሁለት የአፈር ፈንገስ በሽታ እንደሚቋቋም ነው፣ ለባክቴሪያው ግን አይሆንም። መልካሾላም ጥሩ ነው ካገኘህ። ረጅሙን ዓይነት ባልዲ ውስጥ አታድርግ ውሃውን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቆርቆሮ ሥር ዝራ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ ዝናቡ ሲቀንስ ወደ ባልዲው ታዛውራለህ፣ ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበረው ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ መልቀም ትጀምራለህ። ባልዲውን ሰርተህ ከጨረስክ ደግሞ ሳትተክልበት በፊት ውሃ ሞልተህ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ጠዋት አፈሩ አናት ላይ እጅህን ስታደርግ እርጥበቱ ከተሰማህ መሳቡን አረጋገጥክ፣ ደረቅ ከሆነ ግን ኩባያው ውስጥ ያለው አፈር አልተጠቀጠቀም ማለት ነው ፈተህ በደንብ ጠቅጥቀው።